ስለ ሯጮች አስተዳደግ

የዓለም መንግሥታት በየአራት ዓመቱ በአንድ ሜዳ ተሰብስበው የልጆቻቸውን ጕልበት ያወዳድራሉ። ያሸነፈው ልጅ ከፍ ካለ መድረክ ላይ ይቆማል፤ የአገሩ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፤ መዝሙሯም ይዘመራል። ይህን አይቶ ዕንባው የማይመጣ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔም ከጥቂቶቹ አይደለሁም። ነገር ግን ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ሜዳልያው በአንገት ላይ ሲጠለቅ የምናየው የነገሩን መጨረሻ ብቻ ነው። ያ ልጅ እዚያ እስኪደርስ ድረስ ማን አሳደገው? ስንት ዓመት ታገሡት? በተሸነፈ ጊዜስ ምን አደረጉት? ከእርሱ ጋር አብረው ጀምረው ከመንገድ የቀሩት ጓደኞቹ ዛሬ ምን ይበላሉ? አንድ አገር ስፖርተኞቹን እንዴት እንደሚያሠለጥን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሜዳልያው ቍጥር አስቀድሞ እነዚህን ቢጠይቅ መልካም ነው።

እኔ የኖርሁትና ያስተማርሁት በአብደራፊ ነው። አብደራፊ በአንገረብ ወንዝ አካባቢ የምትገኝ፥ ሰሊጥና ማሽላ ጥጥም የሚበቅልባት፥ ከሱዳን ጠረፍ የማትርቅ የቆላ ከተማ ናት። ሯጭ በማፍራት የታወቀች አይደለችም። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐዩ ሲበረታ እንኳን የሚሮጥ የሚራመድም ሰው ጥላ ይፈልጋል። ስለዚህ ተማሪዎቼ፥ «ከእኛ አገር ሯጭ የማይወጣው ቆላ ስለ ሆነ ነውን?» እያሉ ደጋግመው ይጠይቁኝ ነበር። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱ ግን ከአየሩ ጋር የሚገናኘው በከፊል ብቻ ነው።

ደጋ አገር ለሩጫ መርዳቱ እውነት ነው። በአርሲ ያለችው ቦቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ ሰውነት ከጥቂቱ አየር የሚበቃውን ለማግኘት ሲል ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል፤ እንዲህ ሆኖ ያደገ ልጅ ወደ ዝቅተኛ አገር ወርዶ ሲሮጥ ትንፋሹ ቶሎ አይከዳውም። ዳሩ ግን ከፍታ ብቻውን ሯጭ የሚወልድ ቢሆን ኖሮ ቲቤትና ቦሊቪያ የማራቶን አሸናፊዎች በሞሉባቸው ነበር። የእኛው ደባርቅስ በከፍታ ከቦቆጂ ታንሳለችን? ስሟ ግን በሩጫ ዓለም እንደ ቦቆጂ ሲጠራ አልሰማንም። በቦቆጂ ከአየሩ ሌላ አንድ ነገር ነበረ፤ እርሱም መምህር ነው። ወደዚያ መምህር ከመድረሴ በፊት ግን ነገሩ በአገራችን ከተጀመረበት ልነሣ።

ኦኒ ኒስካነን በፊንላንድ ተወልዶ በስዊድን ያደገ ሰው ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1930ዎቹ መጨረሻ፥ አገራችን ከጠላት ወረራ ተላቃ ትምህርት ቤቶቿንና ሠራዊቷን እንደ ገና በምታቋቁምበት ጊዜ ነው። የክብር ዘበኛን ወታደሮች በአዲስ አበባ ዙሪያ ዳገቱንና ቍልቍለቱን እያስሮጠ፥ ጊዜያቸውን በሰዓት እየለካ፥ ማን ምን ያህል እንደሚችል እየመረመረ ብዙ ዓመት ደከመ። ከነዚያ ወታደሮች አንዱ አበበ ቢቂላ ነበር።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ የሆነውን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። የእንቍጣጣሽ ዋዜማ ነበር። አበበ ጫማው ስላልተመቸው እንደ ለመደው በባዶ እግሩ ሮጠ። ከመድረሻው ቅርብ በሆነ ስፍራ ጣሊያኖች ከአገራችን የወሰዱት የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። አበበ በሐውልቱ አጠገብ አልፎ፥ ሞሮኳዊውን ራዲን በ25 ሰከንድ ቀድሞ፥ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ፥ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፥ በጫማ ሮጦ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ሰው ሁሉ ስለ ባዶ እግሩ ያወራል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። አበበ በሮማ በሮጠበት ጊዜ የ28 ዓመት ጐልማሳ እንጂ ልጅ አልነበረም። በሠራዊት ውስጥ ስለ ነበረም ደመወዝ ነበረው፤ ቢያሸንፍ ይሾማል፥ ባያሸንፍ ግን ተመልሶ ወታደር ነው። እንጀራው በአንድ ቀን ሩጫ ላይ የተንጠለጠለ አልነበረም። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከአበበ ይልቅ ለወጣቶች ደጋግሜ የምነግራቸው ግን የማሞ ወልዴን ታሪክ ነው። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በኅዳር 1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነበር። ማሞ ያን ጊዜ 24 ዓመቱ ነበር። በ800 እና በ1,500 ሜትር ቢሰለፍም ከመጀመሪያው ማጣሪያ ሳያልፍ ቀረ። እንዲህ ዓይነቱ ሯጭ ዛሬ ቢሆን ምን ይባላል? «አይረባም፥ ሌላ ልጅ አምጡ» ይባላል። በሮማው ጨዋታም አልተሰለፈም። ነገር ግን አልተባረረም፤ ከክብር ዘበኛ ጓደኞቹ ጋር መሮጡን ቀጠለ። አሠልጣኙም ተፈጥሮው ለአጭር ርቀት ሳይሆን ለረጅም እንደ ሆነ እያየ ርቀቱን ቀስ በቀስ አስረዘመለት። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ። አራተኛ ማለት እንግዲህ ሜዳልያ የሌለው፥ ጋዜጣ የማይጽፍለት፥ ለራሱ ለሯጩ ግን ከሁሉ የሚመረው ቦታ ነው።

ከዚያም አራት ዓመት ጠበቀ። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ በ10,000 ሜትር የኬንያውን ናፍታሊ ቴሙን ለጥቂት ሳይደርስበት ቀርቶ የብር ሜዳልያ አገኘ። ከሳምንት በኋላ ማራቶን ሆነ። የሁለት ጊዜው አሸናፊ አበበ እግሩን ታምሞ ስለ ነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ወጣ፤ የአገሩ አደራ በማሞ ላይ ወደቀ። ማሞም ሁለተኛውን ጃፓናዊ ከ3 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ወርቁን ወሰደ። ዕድሜው 36 ነበር። በሜልቦርን ከማጣሪያ ከቀረ 12 ዓመት ሆኖታል! ይህም አልበቃው፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. አበበ በሮማ ባሸነፈ ልክ በ12 ዓመቱ፥ በዚያው በዋዜማው ዕለት፥ ማሞ በ40 ዓመቱ በሙኒክ ማራቶን ሦስተኛ ወጥቶ የነሐስ ሜዳልያ ተሸለመ።

አስተውሉ እንግዲህ። አንድ መንግሥት አንድን የተሸነፈ ወጣት 12 ዓመት ሙሉ እያበላ፥ እያለበሰ፥ እያሠለጠነ ቢታገሠው እንዲህ ይሆናል። ለዚያ ትዕግሥት በየትኛውም መዝገብ ሜዳልያ አልተጻፈለትም።

የአየር ኃይሉ ምሩጽ ይፍጠርም እንደዚሁ በመጠበቅ የተፈተነ ነው። በሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ የ5,000 ሜትሩ ውድድር አመለጠው። በ1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል፥ የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን በዘር መድልዎ ወደምትተዳደረው ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለ ተጫወተ፥ ኢትዮጵያ ከብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ሳትካፈል ቀረች። በሐምሌ 1972 ዓ.ም. በሞስኮ ሁለቱንም ርቀት አሸንፎ ስንሰማ እኔ ወጣት ነበርሁ፤ ደስታችን ይህ ነው አይባልም ነበር።

ወደ ቦቆጂ ልመለስ። በዚያች ትንሽ ከተማ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ ያስተምር የነበረው ስንታየሁ እሸቱ፥ ደራርቱ ቱሉን፥ ፋጡማ ሮባን፥ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን የመሰሉ ሯጮች ከበቀሉበት ሜዳ ላይ በየማለዳው ሕፃናትን እያስሮጠ ኖረ። አራቱም የኦሎምፒክ ወርቅ አግኝተዋል። ይህ ሰው የመንግሥት ደመወዝ የሚበላ ተራ መምህር ነበረ። ቤተ ሙከራ የለው፥ መሣሪያ የለው፤ ሜዳና ማለዳ ብቻ ነበሩት። በኬንያ ኢተን በምትባል የደጋ ከተማም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። አይርላንዳዊው የሚሲዮን መምህር ወንድም ኮልም ኦኮነል በ1968 ዓ.ም. ወደ ቅዱስ ፓትሪክ ትምህርት ቤት የመጣው ጂኦግራፊ ለማስተማር ነበር፤ ስለ ሩጫ የተማረው ነገር አልነበረም። ከልጆቹ ጋር እየኖረ፥ እያየ፥ እየጠየቀ ተማረ። በ1981 ዓ.ም. መጀመሪያ በሴኡል 1,500 ሜትርን ያሸነፈው ፒተር ሮኖና በ2004 ዓ.ም. በለንደን 800 ሜትርን በዓለም ክብረ ወሰን የሮጠው ዴቪድ ሩዲሻ በእርሱ እጅ ያለፉ ናቸው።

እኔ ራሴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ተማርሁ ይህ አያስገርመኝም። በእኛ ጊዜ ጠዋት ጸሎት፥ ከሰዓት በኋላ ሩጫና ኳስ ነበር፤ መምህሮቻችንም ሐዋርያው ጳውሎስ በመልእክቱ ሯጮችን ለምሳሌ ማንሣቱን ሳይጠቅሱ አያልፉም ነበር። የሚያስሮጠን ሰው ያው ሒሳብ የሚያስተምረን ሰው ስለ ሆነ፥ ማን በልቶ እንደ መጣ፥ ማን ሳይበላ እንደ መጣ ያውቅ ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላውን መንገድ ተመልከቱ። ምሥራቅ ጀርመን የምትባል፥ ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ በስም የሌለች፥ 17 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የነበራት አገር ነበረች። መንግሥቷ የትምህርት ቤት ሕፃናትን ሁሉ ቁመትና ጕልበት እየለካ፥ የተሻሉትን ለይቶ ወደ ልዩ የስፖርት ትምህርት ቤቶች ያስገባ ነበር። በላይፕሲግ ከተማም የአሠልጣኞች ኮሌጅ ነበረው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሚነቀፍ አይደለም፤ እንዲያውም የሚቀናበት ነው። የእኛም ታላቁ አሠልጣኝ ዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬ ትምህርታቸውን የቀሰሙት ከዚያው ከምሥራቁ ወገን፥ ከሀንጋሪ ነበር። ከዚያ ተመልሰው ነው ደራርቱን፥ ኃይሌንና ቀነኒሳን ለድል ያበቁት። በግንቦት 2008 ዓ.ም. አረፉ።

ነገር ግን የምሥራቅ ጀርመን ሹማምንት ቍጥር ቸኰለባቸው። ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንግሥት ዕቅድ፥ በምስጢር፥ ለስፖርተኞቹ ጡንቻ የሚያፋፋ የወንድ ሆርሞን መድኃኒት ያድሉ ጀመር። ከተቀበሉት ውስጥ ገና ያልጐለመሱ ልጃገረዶች ነበሩበት፤ የተነገራቸውም «ቪታሚን ነው» ተብሎ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል ያች ትንሽ አገር 40 ወርቅ አግኝታ አሜሪካን በለጠች፤ ከ13ቱ የሴቶች ዋና ውድድሮች 11ዱን ወሰደች። ዓለም አጨበጨበ። ያጨበጨብንላቸው ልጃገረዶች ድምፃቸው ጐርንኖ፥ ኋላም ጕበታቸውና ልባቸው ታምሞ፥ አንዳንዶቹ ጤና የሌለው ልጅ ወልደው ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ሲንከራተቱ ያያቸው ግን አልነበረም። በ2000 እ.ኤ.አ. በበርሊን ፍርድ ቤት የአገሪቱ የስፖርት ዋና ሹም ማንፍሬድ ኤቫልድ ጥፋተኛ ተባለ። ቅጣቱ በገደብ ስለ ነበር እስር ቤት አልገባም።

«ይህ የነጮች ጕድ ነው፥ ለእኛ ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በእኛ ዘንድ ችኰላው የመጣው በብልቃጥ ሳይሆን በወረቀት ነው።

የወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና የሚባለው ውድድር 20 ዓመት ላልሞላቸው ነው። እንግዲህ 22 ዓመት የሞላውን ሰው በወረቀት 18 ብታደርገው ያሸንፋል። በተቃራኒው የጎዳና ሩጫ የገንዘብ ሽልማት የሚያስጐመጃቸው ሰዎች ለጋ ልጃገረድን በወረቀት አሳድገው የጐልማሳ ልምምድ ያሠሯታል። ስንቋ ሳይበቃት በየቀኑ ስትሮጥ የወር አበባዋ ይቋረጣል፤ አጥንቷም ይሳሳል፤ በ20 ዓመቷ መሮጥ ስትጀምር ትቆማለች። መጀመሪያ የሚታለለው ዳኛው ሳይሆን አሠልጣኙ ነው። የልምምዱ መጠን በዕድሜ ስለሚለካ፥ ዕድሜው ውሸት የሆነ ልጅ ልምምዱም ውሸት ይሆንበታል።

ጡረታ ከመውጣቴ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ በሰባተኛ ክፍል አንድ ልጅ ነበረን። ትምህርት የጀመረው ዘግይቶ ስለ ነበር 17 ዓመት ሆኖታል። በሰሊጥ አጨዳ ወራት ከአባቱ ጋር እርሻ ውሎ እያደረ፥ ማለዳ ትምህርት ቤት በሩጫ ይደርሳል፤ በውድድር ቀን የሚከተለው አልነበረም። አንድ ቀን አንድ ሰው ከሌላ ከተማ መጥቶ ጠየቀኝ። ደላላ ነው ልበል እንጂ ሌላ ስም የለኝም።

«መምህር፥ እባክዎ በማስረጃው ላይ ሦስት ዓመት ብቻ ቀነስ አድርገው ይጻፉልን። ማንም አይጎዳበትም፤ ለልጁም እንጀራ ነው» አለኝ።

«ልጄ፥ ወረቀቱ ቢያንስ አጥንቱ አያንስም» ብዬ ሰደድሁት።

ወረቀቱን ከሌላ ቦታ አገኘው። ልጁም ሄደ፤ የ14 ዓመት ልጅ ነው ተብሎ ከሕፃናት ጋር ሮጦ ቀደማቸው። «በ14 ዓመቱ እንዲህ የሮጠ በ20 ምን ሊሆን ነው!» ተባለለት። እርሱ ግን አድጎ ጨርሷል። በሁለተኛው ዓመት ሰዓቱ አልተሻሻለም፤ በሦስተኛውም እንዲሁ። ለምን እንዳልተሻሻለ እውነቱን መናገር ስላልቻለ ሰነፍ ተባለ፤ ልምምድ ተጨመረበት፤ የቅልጥሙ አጥንት ተሰነጠቀ። ተመልሶ መጣና ወደ ሰሊጡ ገባ። በዕድሜው ልክ በእውነተኛ ሰዓት ቢታገሡት ከፍተኛ ሯጭ ይሆን ነበር ብዬ አልምልም። የማዝነው ለእርሱ ብቻ አይደለም። በዚያ ውድድር ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት እውነተኛዎቹ የ14 ዓመት ልጆች «እኛ ለዚህ አልተፈጠርንም» ብለው ሩጫውን ትተው ይሆናል፤ ስማቸውንም ማንም አልጻፈው።

ከዚህ በላይ በልባችሁ ያዙልኝ ያልሁትን አሁን ላንሣው። አበበና ማሞ ደመወዝ ነበራቸው። ዛሬም መከላከያ፥ ንግድ ባንክ፥ ሙገር ሲሚንቶና ሌሎችም ክለቦች ለሯጮቻቸው በየወሩ ይከፍላሉ፤ ይህ ከክብር ዘበኛ የተወረሰ መልካም ልማድ ነው። በአሰላ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመ ማሠልጠኛ አለ፤ በእኛም ክልል በደብረ ብርሃንና በተንታ ተሠርቷል። ነገር ግን ወደነዚህ በር የሚደርሰው ልጅ ከመቶ አንዱ እንኳ አይሆንም፤ የቀሩት ከበሩ ውጭ ናቸው። አንድ ልጅ ስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ጫማውን ብቻ ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፥ አንድ ሩጫ ቢያመልጠው የሚመለስበት ነገር የለውም። የማይመለስበት ነገር የሌለው ሰው ደግሞ ወረቀት ይቀንስልኛል ያለውን ሁሉ ያምናል፤ መርፌ የሚሰጠውንም ያምናል። ልጆች ትምህርታቸውን እንዳይተዉ የምጨቀጭቀው ሩጫን ስለምጠላ አይደለም። የአሥረኛ ክፍል ወረቀት ያለው ሯጭ «እንቢ» ለማለት አቅም አለው።

ትዕግሥቱ ደግሞ ጊዜ ያለፈበት የአባቶች ወግ ብቻ አይደለም። ደራርቱ በነሐሴ 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ20 ዓመቷ ካሸነፈች በኋላ በአትላንታ አራተኛ ሆነች፤ ወለደች፤ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ እንደ ገና ወርቅ ወሰደች። ታምራት ቶላ በ2008 ዓ.ም. በሪዮ በ10,000 ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ ስምንት ዓመት ቆየ። ለፓሪሱ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር፤ ጓደኛው ሲሳይ ለማ ስለ ተጎዳ በምትኩ ገባ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሎምፒክን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ኢትዮጵያ በወንዶች ማራቶን ወርቅ ካገኘች 24 ዓመት ሆኗት ነበር። በስም ዝርዝሩ ጫፍ የተጻፈን ሰው ሳይጥሉ ማቆየት ምን እንደሆነ በዚያን ዕለት ታየ።

ስለ እኛ ቆላ ተጠይቄ ስለ ነበር በእርሱ ልጨርስ። በመጨረሻዎቹ የማስተማሪያ ዓመታቴ አንድ ወጣት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ወደ ትምህርት ቤታችን ተመድቦ መጣ። ሙቀቱ ሳይነሣ፥ ገና ጎሕ ሲቀድ ልጆቹን ያስሮጥ ነበር። አንድ ደብተር ነበረው፤ በግራ በኩል የልጁን ስም፥ በመካከል የተወለደበትን ጊዜ፥ በቀኝ ሰዓቱን ይጽፍበታል። የተወለዱበትን ጊዜ ለማወቅ እናቶቻቸው ዘንድ ቤት ለቤት እየሄደ ይጠይቅ ነበር። እናቶቹም ዓመቱን አይናገሩም፤ «አንገረብ ሞልቶ ከብት የወሰደ ክረምት ነው» ይሉታል፥ ወይም «ሰሊጥ ዋጋው የወደቀ ጊዜ ነው» ይሉታል። እርሱም ከሽማግሌዎች ጋር አመሳክሮ ዓመቱን ያገኝና በቀለም ይጽፈዋል። ደብተሩን አንድ ጊዜ አሳይቶኛል፤ ያን ጊዜ 61 ልጆች ተጽፈውበት ነበር።